ቀስ ያለ ጠብ

የቻይናዎችን ታይ ቺ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየ የጋይንት ሰው ቢስቅ አይፈረድበትም። ዕድሜው የገፋ ሰው ሰፊ ሱሪውን ለብሶ፣ ጎሕ ሲቀድ ሜዳ ላይ ይቆምና፣ ከፊቱ ማንም በሌለበት አንድ እጁን ቀስ አድርጎ ያነሣል፤ ሌላውን ቀስ አድርጎ ያወርዳል፤ ወገቡን ያዞራል፤ ያነሣውን እግር ለማሳረፍም ከራሱ ጋር ሽምግልና የተቀመጠ ይመስላል። ጠብ ነው እንዳይባል ተጣይ የለም። ዘፈን ነው እንዳይባል ከበሮ የለም። ጸሎት ነው እንዳይባል ስግደት የለበትም። የእንቅስቃሴዎቹ ስምማ ይብስ ያስቃል። ነጭ ሽመላ ክንፏን ስትዘረጋ የሚባል አለ፤ እጅን እንደ ደመና ማንሳፈፍ የሚባል አለ፤ ወደ ኋላ እየተራመዱ ዝንጀሮ መመለስ የሚባልም አለ። ይህን የመጨረሻውን ስማዳ ገደል አፋፍ ላይ ገብስ ለሚጠብቅ ልጅ ንገሩት። እሱ የሚያውቀው ዝንጀሮ ወንጭፍ ይዘው እየጮኹ ወደ ፊት ሲሮጡበት እንኳ ዞር ብሎ የሚገላምጥ ነው፤ ወደ ኋላ ለሚራመድለት ሰውማ እሸቱን ጨርሶ ምሳውንም ይዞበት ይሄዳል።

ሣቁ እንዳለ ይሁንና፣ ቻይናዎች ለዚህ አገር ባዳ አይደሉም። ከወረታ ተነሥቶ በደብረ ታቦር፣ በነፋስ መውጫና በጨጨሆ አድርጎ ወልድያ የሚወርደውን መንገድ በደርግ ዘመን የሠሩት እነሱ ናቸው፤ ዛሬም የቻይና መንገድ እያለ የሚጠራው ሰው ብዙ ነው። መንገዱን ትተው ሄዱ፤ ታይ ቺውን ይዘውት ተመለሱ። የታይ ቺ ትውልድ አገሩ በሄናን ክፍለ ሀገር የቼን ቤተሰብ መንደር ሲሆን፣ እንደ አባት የሚጠራለትም በ17ኛው መቶ ዘመን የኖረው ወታደር ቼን ዋንግቲንግ ነው። ከዚያ መንደር ተምሮ ወደ ቤጂንግ የወሰደው ያንግ ሉቻን (እ.ኤ.አ. 1799–1872) ነበር፤ የልጅ ልጁ ያንግ ቼንግፉ ደግሞ ዛሬ ዓለም የሚያውቀውን ዝግ ያለና ወጥ አካሄድ አስፋፋ። እ.ኤ.አ. በ1956 የቻይና መንግሥት ለሕዝብ እንዲቀል ብሎ 24 እንቅስቃሴ ያለውን አጭሩን አወጣ፤ በታኅሣሥ 2013 ዓ.ም. ዩኔስኮ በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ላይ አሰፈረው። ታዲያ ይህ ሁሉ ታሪክ ሁለት እግር አለው። አንደኛው ለብቻ የሚሠራው ተከታታይ እንቅስቃሴ ነው፤ በየስልኩ የሚታየውም እሱ ነው። ሁለተኛው ሁለት ሰው ፊት ለፊት ቆሞ የሚለማመደው ነው፤ ይህን የሚያየው ጥቂት ነው። እኔ የምሟገተው ለሁለተኛው ነው። በእኛ አገር ታይ ቺን መማር የሚፈልግ ሰው ከአስተማሪ ቀጥሎ መፈለግ ያለበት ሰፊ ሱሪም ለምለም ሜዳም ሳይሆን ፊት ለፊቱ የሚቆም ሰው ነው። ለዚህ ማስረጃ ፍለጋ ሄናን ድረስ መሄድ አያስፈልግም፤ የደቡብ ጎንደር አድባራት ይበቃሉ።

መጀመሪያ ግን ሁለቱ ሰዎች ምን እንደሚያደርጉ ይታወቅ። ፊት ለፊት ይቆማሉ፤ አንዳንድ እግራቸውን ያስቀድማሉ፤ የእጅ አንጓቸውን ያነካካሉ። አንዱ ይገፋል። የተገፋው መልሶ አይገፋም፤ አይሸሽም። ወገቡን አዙሮ ግፊቱን በጎኑ ያሳልፈዋል፤ ቀጥሎ የመግፋት ተራው የሱ ይሆናል። ቻይናዎቹ ቱይሾው ይሉታል፤ እኛ እጅ መገፋፋት ብንለው ያስኬዳል። በቋሚው ዓይነት እግሩን ከቦታው ያነሣ ተሸነፈ። ጡንቻውን የተማመነ ሰው እዚህ ላይ ይዋረዳል፤ ዝግ መስሎት በትከሻው የገፋውን በር ገርበብ ብሎ ያገኘው ሰው ቤት ውስጥ እንደሚደፋ፣ እሱም በገዛ ጉልበቱ ይደፋል። ጨዋታው የሚያስተምረው ዋናው ነገር መግፋት ሳይሆን በቆዳ መስማት ነው፤ ባልደረባዬ ክብደቱን በየትኛው እግሩ ላይ ጥሏል፣ ትከሻው ለምን ደነደነ፣ አሁን ሊገፋ ነው ወይስ ሊያታልለኝ? ብቻውን የሚሠራ ሰው ይህን ሁሉ ከየት ያመጣዋል? ትከሻው ወደ ጆሮው ወጥቶ ሳለ ትከሻዬ ወርዷል ብሎ ያምናል፤ ሚዛኑ ተዛብቶ ሳለ እንደ ዋርካ ቆሜያለሁ ይላል፤ የሚያስተባብለው የለም። በነፋስ መውጫ ከሆነ በርግጥ ነፋሱም በመጠኑ ይገፋል፤ ግን የት ላይ እንደተሳሳትክ ለይቶ አይነግርህም። ደግሞ በተቃራኒው፣ ለብቻ የሚሠራውን ሳይዝ ዘሎ ወደ ጥንዱ የገባ ሰው የሚያተርፈው ግብግብ ነው። እረኞች ከብት እየጠበቁ የሚገጥሙት ትግል ደስ የሚል ጨዋታ ነው፤ ታይ ቺ ግን አይደለም።

አሁን ወደ አገር ቤት። ከደብረ ታቦር እስከ ጨጨሆ ያለው ሰው ይህን ነገር ከማንም ቻይና አልተማረም፤ ግን ያውቀዋል። የጋይንቷ ቤተልሔም የድጓ ማስመስከሪያ ናት፤ ከየአገሩ የመጣ የዜማ ተማሪ ትምህርቱን የሚያስመሰክረው እዚያ ነው። ዙር አምባ የዝማሬ መዋሥዕት ቤት ናት፤ ትውፊቱም ዝማሬን ቅዱስ ያሬድ የደረሰው በዚያ አምባ ላይ ነው ይላል። ቆማ በስሟ የሚጠራ የድጓ ዜማ አላት። ደብረ ታቦር ደግሞ በአቋቋም ስሟ የወጣ ነው። አቋቋም ማለት ድምፅ ብቻ አይደለም፤ አካልም ነው። የማኅሌት ሌሊት ሊቃውንቱ በሁለት ረድፍ ፊት ለፊት ይቆማሉ፤ ቀኝ ጌታ በአንዱ ወገን፣ ግራ ጌታ በሌላው። አንዱ ወገን ያነሣል፤ ሌላው ይቀበላል። ሲጀመር በቁም ነው፤ ከበሮ ዝም ብሎ ተቀምጧል። ቀጥሎ ዝማሜው ይመጣል፤ መቋሚያው ይነሣል፣ ወደ ጎን ያጋድላል፣ ይወርዳል፣ ሰውነትም ከሱ ጋር ክብደቱን ከእግር ወደ እግር ያሳልፋል። ከዚያ መረግዱ ከበሮውን ያስነሣል፤ ጸናጽሉ ይንሿሿል፤ በመጨረሻ በጽፋቱ ጭብጨባው ሲፋጠን ቤተ ክርስቲያኑ በእልልታ ይሞላል። ሰባ ዓመት ያለፋቸው ሰዎች ሌሊቱን ሙሉ በእግራቸው ቆመው ነው ይህን የሚያደርጉት። የሃያ ዓመት ጎረምሳ ሰርግ ቤት ዳስ ውስጥ ሁለት ሰዓት ከቆመ ወንበር የሚያማትርበት ዘመን ላይ ነን።

እዚህ ውስጥ ሁለት ነገር ልብ ይባልልኝ። አንደኛው የቀስታው ቦታ ነው። ማንም ከጽፋት አይጀምርም። ዝግ ያለው ቀድሞ የሚመጣው ሽማግሌዎቹ ስለደከሙ አይደለም፤ ቀስ ብሎ ያልተያዘ ነገር ሲፋጠን ስለሚበተን ነው። በቼን መንደር ያለው የታይ ቺ ስልትም ዝግ ካለው መሐል ድንገት የሚፈነዳ ፍጥነት አለው፤ ተማሪው ግን እዚያ የሚደርሰው ዝግ ያለውን ለዓመታት ካሸ በኋላ ነው። ሁለተኛው የረድፉ ነገር ነው። ተማሪው ዜማውን በቃሉ የሚይዘው ለብቻው እያጠና፣ እየደጋገመ፣ የኔታ ፊት እየቀረበ ነው። ዝማሜው መያዙ የሚታወቀው ግን ከሌሎች ፊት ሲቆም ነው። መቋሚያው ቀድሞ የወረደበት ተማሪ ማንም ሳይገሥጸው ያውቀዋል፤ ፊት ለፊቱ ያሉት ሁሉ ገና ሽቅብ ናቸው። ያንቀላፋውም እንደዚያው። ሁሉም ፊቱን ወደ አንድ አቅጣጫ ቢያደርግ ኖሮ ከኋላ ቆሞ ማንጎላጀት ይቻል ነበር፤ ፊት ለፊት የተሠራው ረድፍ ግን ለእንቅልፍ መደበቂያ አልተወም። ይህን ሥርዓት የሠራ ሰው የሰውን ልጅ አሳምሮ ያውቀዋል። በመስተዋት ፊት የሚለማመድ ሰው የሚያየው ራሱን ነው፤ ራስ ደግሞ ለራሱ ይቅር ባይ ነው።

አንድ አንባቢ እዚህ ጋ ተቆጥቶ ተነሥቷል። ዝማሜ ጸሎት ነው፤ መቋሚያው ወደ ግራና ወደ ቀኝ ማዘንበሉ የጌታን መከራና መንገላታት የሚያሳስብ ምሥጢር አለው፤ አንተ እንዴት ከቻይና ስፖርት ጋር ታወዳድረዋለህ ይላል። ቁጣው ተገቢ ነው፤ ግን የመታው ሌላ ሰው ነው። ደብተራው የሚዘምመው ጉልበቱ እንዲጠናለት አይደለም፤ የታይ ቺ ተማሪም መንግሥተ ሰማያትን አልፈለገበትም። ዓላማቸው እንዳይገናኝ ሆኖ የተራራቀ ነው። እኔ የማወዳድረው የሰው አካል እንዴት እንደሚማር ብቻ ነው፤ አካል ደግሞ ለጸሎትም ለስፖርትም ያው አንድ ነው፤ ያው ሁለት እግር፣ ያው አንድ ወገብ። እንዲያውም በመዝሙሩ በኩል የኔን ክርክር የሚያፈርስ ታሪክ አለ። ዐፄ ገብረ መስቀል የጦሩን ጫፍ ሳያውቅ በያሬድ እግር ላይ ተክሎ፣ ደሙ እየፈሰሰ ሁለቱም በዜማው ተመስጠው ሳይሰሙት ቀሩ ይላል ትውፊቱ። ይህ የቅድስና ከፍታ ነው፤ የቱይሾው አስተማሪ ግን ሁለቱንም እንደገና ከመጀመሪያው ያስጀምራቸው ነበር። ስለዚህ ልዩነቱን አልክድም። አሁንም ያልተዋጠለት ሰው ካለ ማኅሌቱን በክብሩ ቦታ እንተወውና እስክስታን እንይ። የበጌምድር እስክስታ ፊት ለፊት ነው፤ አንዱ ትከሻውን ይሰብቃል፤ ሌላው ይመልሳል፤ አንዱ ወደ ፊት ሲመጣ ሌላው ወደ ኋላ ይላል። ጓዳ ገብቶ ብቻውን የሚሰብቅ ሰው ግን ቤተሰቡን ያሳስባል።

ከዚህ የጠነከረው መቃወሚያ ከሐኪም ቤት የሚመጣው ነው። ለብቻ የሚሠራው ታይ ቺ ጥቅሙ በጥናት ተረጋግጧል፤ ታዲያ ባልደረባ ለምን አስፈለገ? እ.ኤ.አ. በ2012 ኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲሲን ላይ የወጣ ጥናት የፓርኪንሰን ሕመም ያለባቸውን 195 ሰዎች በሦስት ከፍሎ፣ አንዱን ክፍል ታይ ቺ፣ ሁለተኛውን ጡንቻ ማጠንከሪያ፣ ሦስተኛውን ማፍታቻ ለ24 ሳምንታት አሠራ። ሚዛን በመጠበቅ ታይ ቺዎቹ ሁለቱንም በለጡ፤ መውደቃቸውም ከማፍታቻዎቹ ያነሰ ሆነ፤ ጡንቻ ካጠነከሩት ጋር ግን በዚህ ብዙም አልተለያዩም። ምክንያቱ ለመረዳት አይከብድም። ክብደቱን ቀስ አድርጎ ከአንድ እግር ወደ ሌላው የሚያሳልፍ ሰው ለጥቂት ጊዜ በአንድ እግሩ ብቻ እየኖረ ነው፤ ሰው ብዙ ጊዜ የሚወድቀውም በዚያች ቅጽበት ነው። እነዚያ ሕመምተኞች እጅ አልተገፋፉም፤ ይህንን እቀበላለሁ። ነገር ግን ስልክ ተሰጥቷቸው ቤታቸው አልተላኩም። በሳምንት ሁለት ጊዜ እየተሰበሰቡ ለአንድ ሰዓት በአስተማሪ ፊት ነው የሠሩት፤ ወገብህ ጠመመ የሚላቸው ሰው ነበር፤ አብሯቸው የሚሠራ ጓደኛም ነበር። የብቸኛው ታይ ቺ ማስረጃ ሆኖ የቀረበልን ጥናት ራሱ ብቸኛ ሰው አላጠናም።

የብቻውን መንገድ ሌላኛውን ጫፍ ማየት የፈለገ ደግሞ የቼንግዱን ጉድ ያስታውስ። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2017 ሹ ሺያውዶንግ የተባለ የዘመናዊ ፍልሚያ ሰው ዌይ ሌይ የተባለውን የታይ ቺ መምህር ገጠመውና ከግማሽ ደቂቃ ባነሰ ጊዜ መሬት ላይ ጣለው። ቪዲዮው ቻይናን አንድ ሰሞን ሲያተራምስ ከረመ፤ ግማሹ ታይ ቺ ተዋረደ አለ፤ ግማሹ ሰውየው የታይ ቺ ሰው አይደለም አለ። የኔ ፍርድ ከሁለቱም ይለያል፤ የወደቀው ታይ ቺ ሳይሆን የማያውቁት እጅ ያልነካው እንቅስቃሴ ነው ባይ ነኝ። ያንግ ሉቻን ቤጂንግ ውስጥ ስም ያወጣው በማለዳ ሜዳ ላይ ስላማረበት አይደለም፤ ሊፈትነው የመጣውን ሁሉ እየገጠመ ነው። ይህን ስል ሁለት ጡረተኞች አደባባይ ወጥተው ይፈናከቱ ማለቴ አይደለም። እጅ መገፋፋት ራሱ ፍልሚያ አይደለም፤ ከፍልሚያ ጉዳቱን አውጥቶ ወሬውን ያስቀረ ነገር ነው።

የገበሬው መቃወሚያ ግን ከሁሉም ይጣፍጣል። ጉና ሥር፣ ከባሕር ጠለል በላይ ሦስት ሺህ ሜትር አካባቢ ላይ የሚያርስ፣ ገበያ ለመሄድ ቁልቁል ወርዶ ሽቅብ የሚወጣ ሰው እስፖርት ሥራ ቢሉት፣ ሥራ የፈታ የከተማ ሰው በሽታውን ሊያጋባኝ ነው ይላል። እውነቱን ነው፤ ጉልበት አልጎደለውም። ሥራ ግን ጉልበትን እንጂ ሚዛንን አያስተምርም። አራሹ ዘመኑን ሁሉ በአንድ እጁ እርፍ፣ በሌላው ጅራፍ ይዞ ነው የሚኖረው፤ አንዱ ጎኑ ይጫናል፣ ሌላው ይወናጨፋል፤ ከሃምሳ ዓመት በኋላ ወገቡ የትኛው እጁ እርፍ እንደያዘ ሳይጠየቅ ይናገራል። ውሃ በጀርባቸው ለሚያመላልሱት ሴቶችም ይኸው ነው። ሽማግሌ ሆኖ ከዚያ ቁልቁለት ላይ መንሸራተት ደግሞ ቀላል ነገር አይደለም፤ የተሰበረ ዳሌ በቃሬዛ ተጭኖ የቻይና መንገድ እስኪገኝ ድረስ ስንት ትከሻ እንደሚፈጅ ገጠር ያለ ሰው ያውቀዋል። ደግሞ ሁሉም አራሽ አይደለም። ነፋስ መውጫ፣ ወገዳና መካነ ኢየሱስ ከተሞች ናቸው፤ ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ ተቀምጦ ማኅተም የሚመታ አለ፤ ባጃጁ ውስጥ ታጥፎ የሚውል አለ። ለነዚህ ሰዎች ጉልበት የሚያስለምድ ሥራ ቢጠፋ እንኳ መቆም መልመድ አይከፋቸውም።

የቀረው ጥያቄ ባልደረባ ከየት ይምጣ የሚለው ነው፤ ሰው ሲገፋ ይቆጣል፤ የተቆጣ ሰው ደግሞ ይገፋል። ጋይንቴ በዚህ ነገር እሳት ነው የሚሉ ሊኖሩ ይችላሉ፤ እኔ አላልኩም። ጠንካራውን ጎረምሳ መምረጥ መጀመሪያ የሚመጣ ስሕተት ነው፤ እሱ ካንተ የሚማረው ነገር ያለ ስለማይመስለው ሁለተኛ አይመጣም። ባልና ሚስት ጥሩ ጥንድ ይሆናሉ፤ ለዓመታት ሲገፋፉ ስለኖሩ የማን ክብደት የት እንዳለ ያውቃሉ፤ ችግሩ ማን ይሸነፍ የሚለው ከልምምዱ በፊት ተወስኖ ማደሩ ነው። ዘመድ የሚሻለው በሽምግልና ነው፤ በታይ ቺ ጎረቤት ይበልጣል፤ እንደ ጎረቤት ሲገፋ በልኩ የሚገፋ የለም፤ ማታ እሳት መለመኑ አይቀርማ። ከሁሉ የሚሻለው ግን የማኅሌት ሰው ነው፤ ክብደት ማሳለፍ ያውቃል፤ መቀበል ያውቃል፤ ቶሎ ማለት አያውቅም። እሱን ለማግባባት የሚያስቸግር አንድ ነገር ብቻ አለ። ይህ ሃያ አራቱ እንቅስቃሴ የሚባለው ከዳር እስከ ዳር ስድስት ደቂቃ አካባቢ እንደሚፈጅ የተነገረው ዕለት፣ ገና ቁሙ ሳይጀመር ማን አሰናበታችሁ ብሎ ይጠይቃል።